ጨዋታን የሚጫወት ልጅና ጨዋታን የሚሠራ ልጅ

ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ልጆች ጨዋታ ለመናገር አስበናል። ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ እንለምናለን፤ ልጅ በጨዋታ የሚያሳልፈው ሰዓት ጠባዩ የሚቀረጽበት ሰዓት ነውና።

በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቤት አባት ከሥራው ሲመለስ ልጁ በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ ጐንበስ ብሎ ቪዲዮ ጌም የሚባለውን ጨዋታ ሲጫወት ያገኘዋል። ቢጠራው ቶሎ አይሰማም፤ ራት ቀረበ ቢሉትም «ጥቂት ቆዩኝ» ይላል። በዚህ ምክንያት ወላጆች በሁለት ሐሳብ ተከፍለዋል። እኩሌቶቹ ፈጽሞ ይከልከል ይላሉ፤ እኩሌቶቹም ዘመን ያመጣው ነገር ነውና ይተው ይላሉ። እኛ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ እንላለን፤ ይኸውም ልጁ ጨዋታውን ራሱ እንዲሠራው በትምህርት ቤት ማስተማር ነው።

በሚጫወተውና በሚሠራው መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። የሚጫወተው ልጅ ሌላ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ ለደነገገው ሕግ ይገዛል፤ ዝለል ሲሉት ይዘላል፤ ተኩስ ሲሉት ይተኩሳል፤ ሕጉ ስለ ምን እንደዚያ ሆነ ብሎ አይጠይቅም። የሚሠራው ልጅ ግን ገና ከመጀመሪያው ለአምስት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ይገባዋል። 1ኛ፤ የጨዋታው ግብ ምንድን ነው? 2ኛ፤ ተጫዋቹ ምን ይፈቀድለታል፤ ምንስ ይከለከላል? 3ኛ፤ የሚያግደው መሰናክል ምንድን ነው? 4ኛ፤ መልካም የሠራ ምን ያገኛል፤ የተሳሳተስ ምን ይቀርበታል? 5ኛ፤ ጨዋታው መቼ ያበቃል? እነዚህን አምስቱን አስቦ በጽሑፍ የሚያሰፍር ልጅ ሒሳብን፤ ቋንቋንና ፍርድን በአንድነት ይማራል።

ይህ ጥበብ ስሙ አዲስ ቢሆንም ባሕርዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበጣን እናስብ። መሬቱን በጣት ጐድጐድ አድርጎ ጠጠር ወይም ፍሬ የሚያኖርበት እረኛም፤ ከእንጨት የተጠረበ ገበጣ ያለው ባለጸጋም የሚጫወቱት ያንኑ ጨዋታ ነው። ነገር ግን አጨዋወቱ በሁሉም አገር አንድ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። ይህን ሁሉ አንድ ሊቅ ተቀምጦ አልደነገገውም፤ በየአገሩ ያሉት ተጫዋቾች አንዱ ጉድጓድ ጨምሮ፤ ሌላው የጠጠሩን ቍጥር ቀንሶ፤ ሦስተኛውም የመብላቱን ሕግ ለውጦ ያደረጉት ነው። እነዚያ ሰዎች ስሙን ሳይሰሙት ጨዋታ ሠሪዎች ነበሩ።

በመኳንንት ቤት ይወደድ የነበረው ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለይበት ዋና ነገር፤ በመጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ማንቀሳቀሳቸው ነው። ተራ መጠባበቅ የሚጀመረው ከሁለቱ ወገን በአንዱ የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው። ገበታው ያው፤ ንጉሡም ያው ሲሆን፤ አንዲት ሕግ ብቻ ብትለወጥ ጨዋታው ሁሉ ወደ ዘመቻ ተለወጠ። ልጅ ሊማረው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ትንሽ ሕግ ትልቅ ነገርን ትለውጣለች።

አሁን ደግሞ ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አድርገን እንመልከተው። በመንዝ ደጋ፤ በቀያ ገብርኤል ያለችውን ዘመሮን እንውሰድ። ይህችን ከተማ የመረጥንበት ምክንያት፤ የኮምፒዩተር ትምህርት በተነሣ ቍጥር «እርሱ ለአዲስ አበባ ልጆች ነው፤ ገብስ ለሚዘራና በግ ለሚያረባ ሰው ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል ቃል ስለሚሰማ ነው። መልሳችን አጭር ነው። በመንዝ ከበግ ጠጕር ባና የሚሠራ ሸማኔ ድሩን ሳያደራ ማጉን አይወረውርም። የጨዋታ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ድሩ ሕጉ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ መወርወሪያ ነው። በታላላቅ አገሮች ጨዋታ በመሥራት የሚተዳደሩ ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ሐሳባቸውን አስቀድመው በወረቀትና በጠጠር ይፈትናሉ። እንግዲህ የዘመሮ ተማሪ የመጀመሪያውን ትምህርት ለመጀመር መብራት እስኪመጣ መጠበቅ አያሻውም።

ለትምህርቱ የሚሆን ነገርም በዚያው በመንዝ ሞልቷል። የጓሳን ሜዳ የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን፤ ለሕዝቡ ትልቅ ጥቅም ያለው ሣር ነው። አባቶች ይህን ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው ደንብ ጠብቀውታል፤ ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ በበሰለ ጊዜም ለባለመብቱ ሁሉ በአንድነት ይከፈታል፤ በተዘጋበት ጊዜ የገባ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት በሻረ ጊዜ ይህ ደንብ ተናጋ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ሜዳውን በማኅበር መጠበቁን እንደ ገና አጸና። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስካሁን በዚያ ይኖራሉ።

እንግዲህ አንድ መምህር ይህን ነገር ወደ ጨዋታ ሊለውጠው ቢፈልግ እንዲህ ማድረግ ይችላል። 20 ጠጠር በመካከል ያኖራል፤ ጠጠሩ ሣር ነው። አራት ተማሪዎች በዙሪያው ይቀመጣሉ። በየዙሩ፤ ማለት በየዓመቱ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ጠጠር ሊወስድ ይችላል። ዙሩ ሲያበቃ መምህሩ ከቀረው እኩሌታ የሚሆን ጠጠር ይጨምራል፤ ጎዶሎ የሆነ እንደ ሆነ ግማሹን ይተወዋል፤ ነገር ግን ሜዳው ከ20 የበለጠ አይዝም። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያስቸግርም፤ ሁሉም 3 ይወስዳሉ። 12 ጠጠር ሄደ፤ 8 ቀረ፤ 4 ተጨምሮ 12 ሆነ። በሁለተኛው ዓመት እንደ ገና 12 ወሰዱ፤ ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ከባዶም ላይ የሚጨመር የለም። እያንዳንዱ 6 ጠጠር ይዞ ጨዋታው አለቀ። ሁሉም 1 ብቻ ቢወስዱ ግን 16 ይቀራል፤ ተጨምሮበትም 20 ይሞላል፤ እንዲህም ሆኖ በ10 ዓመት እያንዳንዱ 10 ያገኛል፤ ሜዳውም ሙሉ እንደ ሆነ ይኖራል። ይህን ሒሳብ ልጁ በሰሌዳ ላይ ቢያየው ይረሳዋል፤ በእጁ ባዶነት ካየው ግን አይረሳውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ሦስቱ 1፤ 1 እየወሰዱ አንዱ ብቻ ተደብቆ 3 ቢወስድስ? 6 ተወስዶ 14 ይቀራል፤ 7 ሲጨመርበት ሜዳው እንደ ገና ይሞላል። ስግብግቡ በ10 ዓመት 30 ሲያገኝ ሌሎቹ 10፤ 10 ያገኛሉ፤ ሜዳውም የተጐዳ አይመስልም። ሁለተኛው ልጅ ይህን አይቶ «እኔስ ምን አገባኝ?» ብሎ እርሱም 3 መውሰድ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሜዳው ወደ 18፤ ከዚያ ወደ 15፤ ከዚያም ወደ 10 ይወርዳል፤ በ4ኛው ዓመት መጨረሻ የሚቀረው 3 ጠጠር ብቻ ነው፤ በ5ኛው ዓመት ያልቃል። የአንድ ሰው በደል ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ምሳሌነቱ ግን አገር ያጠፋል። ይህን እውነት ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምን ስብከት ይገኛል?

በዚህ ጊዜ መምህሩ ለተማሪዎቹ «አሁን እናንተ ሕግ አውጡ» ይላቸዋል። ተጫዋች ወደ ሠሪነት የሚሻገረው በዚህች ቃል ነው። አንዱ ጠባቂ ይሾም ይላል፤ ሌላው ቅጣት ይኑር ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከአባቶቹ የሰማውን አስታውሶ «ሜዳው ይዘጋ» ይላል። ለስንት ዓመት? አንድ ዓመት ተከፍቶ አንድ ዓመት ቢዘጋ፤ በተከፈተ ጊዜም ሁሉ 3 ቢወስዱ፤ ሜዳው ከ12 ወደ 18 ያገግማል፤ ነገር ግን ተመልሶ ወደ 9፤ በተዘጋም ጊዜ ወደ 13 ይሆንና በ5ኛው ዓመት 1 ጠጠር ብቻ ይቀራል። አንድ ዓመት ተከፍቶ ሁለት ዓመት ቢዘጋ ግን 12 የነበረው 18፤ 18 የነበረውም 20 ሆኖ ይሞላል፤ እንዲህም ሆኖ ለዘለዓለም ይቀጥላል። እያንዳንዱ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ 3 ይወስዳል፤ ይህም ሲከፋፈል በየዓመቱ 1 መሆኑ ነው።

አስተዋይ ልጅ በዚህ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ «በየዓመቱ 1 መውሰድና በሦስት ዓመት 3 መውሰድ ትርፉ አንድ ከሆነ፤ አባቶቻችን መዝጋትን ስለ ምን መረጡ?» መልሱን ጨዋታው ራሱ ይነግረዋል። በየዓመቱ ለሁሉ በተከፈተ ሜዳ ላይ ማን 1፤ ማን 3 እንደ ወሰደ መቍጠር አስቸጋሪ ነው፤ በተዘጋ ሜዳ ላይ ግን ማጭድ ይዞ የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ ነው፤ መቍጠርም አያስፈልግም። መልካም ሕግ ማለት ለማክበር የሚቻል ብቻ ሳይሆን ለማስከበርም የሚመች ሕግ ነው። በሹመት ላይ ያላችሁ አንባብያን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የ12 ዓመት ልጅ በ20 ጠጠር ሊደርስበት መቻሉ ግን ሊያስደንቅ ይገባል።

በጠጠር የተፈተነው ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተር የሚሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። ሕፃናት ኮምፒዩተርን እንዲያዙ የማስተማር ሐሳብ አሁን የተወለደ አይደለም፤ ሲሞር ፓፐርትና ባልንጀሮቹ ሎጎ የተባለውን የሕፃናት የኮምፒዩተር ቋንቋ የፈጠሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ነበር። በ2007 ደግሞ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስክራች የሚባለውን አወጣ። በስክራች ልጁ ረጅም ጽሑፍ አይጽፍም፤ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ጡቦች እየገጣጠመ ምስሉን ያንቀሳቅሳል፤ ነጥብ ይቈጥራል፤ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» ብሎ ይደነግጋል። ዋጋ አይከፈልበትም፤ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከቋንቋዎቹም መካከል አማርኛ አለበት። የጓሳው ሕግ በስክራች ሲጻፍ «ከቀረው ሣር እኩሌታውን ጨምር፤ ከ20 ከበለጠ 20 አድርገው፤ ይህንም በየዓመቱ ድገም» ማለት ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት ፍሬ እንዳለው የተፈተነ ነው። ያስሚን ካፋይ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት፤ 16 የአራተኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይን ለታናናሾቻቸው የሚያስተምር ጨዋታ በሎጎ ቋንቋ እንዲሠሩ አደረጉ። ሥራው ወራት ፈጀ። ልጆቹ ሌላውን ለማስተማር ሲሉ ራሳቸው ክፍልፋይን በሚገባ ዐወቁ፤ ኮምፒዩተሩንም ማዘዝ ቻሉ። መጽሐፉ የወጣው በ1995 ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በቆሎ ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ የራሱን ትምህርት እንደሚያጸና እናውቃለንና።

በአገራችንም በዚህ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች አሉ። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ «ኩኩሉ» የሚባል፤ ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በአገራችን ቤት የበዓል ዋዜማ የዶሮን መከራ የማያውቅ ልጅ ስለሌለ፤ የሚያሳቀውን ነገር ለማግኘት ወደ ባሕር ማዶ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ለማስተማር የታቀደውን መርሐ ግብር ጀምሯል። መርሐ ግብሩ ብዙ ሰው የሚያዳርስ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዝ መጻፍን የተማረ ሰው ሁሉ ምን እንደሚሠራበት ያውቃል ማለት አይደለም። ያን የሚያሳውቀው ከልጅነት ጀምሮ ሐሳብን ወደ ሕግ፤ ሕግንም ወደ ሥራ መለወጥን የለመደ አእምሮ ነው።

የወላጆችን ፍርሃት በከንቱ ነው ብለን አንንቀውም። የዓለም የጤና ድርጅት ከልክ ያለፈ የቪዲዮ ጌም ልማድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ መዝገቡም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ጨዋታ መሥራትን መማር ለሌሊት ጨዋታ ፈቃድ መስጠት አይደለም፤ ሰዓቱ ይወሰን፤ ሥራውም በትልቅ ሰው ፊት ይሁን። ደግሞም ይህን የተማረ ልጅ ሁሉ በዚህ ሥራ ይተዳደራል ብለን ተስፋ አንሰጥም። ዳሩ ግን ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ልጅ፤ ጨዋታው እርሱን እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል። «ይህን ሽልማት እዚህ ያኖሩት እንዳልነሣ ነው» ብሎ የሚናገር ልጅ ግማሽ መንገድ ነጻ ወጥቷል።

ይህን ለማስተማር ለሚያስቡ መምህራንና ለሚያዝዙ ሹማምንት ጥቂት ነገር እናመለክታለን። ኮምፒዩተር ጥቂት በሆነበት ቦታ ለአንዱ ሦስት ተማሪዎች ይመደቡ፤ አንዱ ይዘዝ፤ ሁለተኛው ይሥራ፤ ሦስተኛው በደብተር ይመዝግብ፤ ከዚያም ይፈራረቁ። መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱ አይቋረጥ፤ ወደ ጠጠሩና ወደ ወረቀቱ ይመለሱ። አንዱ ቡድን የሠራውን ጨዋታ ሌላው ቡድን ምንም ሳይነገረው ይጫወተው፤ ሠሪዎቹም አፋቸውን ይዘው ይመልከቱ። ተጫዋቹ ግራ ሲገባው «አንተ አላወቅህበትም» ማለት ክልክል ይሁን፤ ጥፋቱ በሕጉ አጻጻፍ ላይ መሆኑን ይመኑ። ነጥብም የሚሰጠው ለሥዕሉ ማማር ሳይሆን፤ ተማሪው ሕጉን ስንት ጊዜ እንዳሻሻለና ስለ ምን እንዳሻሻለ በጽሑፍ ለማስረዳቱ ይሁን። ሴቶች ልጆችም ከኮምፒዩተሩ ፊት ተራቸውን እንዳያጡ መምህሩ ይጠብቅ፤ በብዙ ክፍል ወንዶቹ ቀድመው ይቀመጣሉና።

ከወላጅ የሚፈለገው ከዚህ ያነሰ ነው። በማታ ልጁን «ዛሬ ስንት አሸነፍህ?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «ዛሬ የትኛውን ሕግ ለወጥህ? ስለ ምንስ ለወጥኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አያቶችም ያሉ እንደ ሆነ የልጅነታቸውን ገበጣ፤ የአገራቸውንም የሜዳና የውሃ ደንብ ይንገሩት፤ እርሱ ለሚሠራው ነገር ከዚህ የበለጠ መዝገብ የለምና። ልጁም መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ቢያስቅ አይሣቁበት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የመንዝ ደጋ ልጅ ዛሬም ነገም ጨዋታ መጫወቱ አይቀርም። የቀረው ጥያቄ፤ ሌሎች በደነገጉለት ሕግ ብቻ ሲጫወት ያድጋል፤ ወይስ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ፤ እንዴት እንደሚፈተንና ሲበላሽም እንዴት እንደሚታረም ዐውቆ ያድጋል የሚለው ነው። ነገ የወረዳውን ሜዳ፤ የማኅበሩን ገንዘብ፤ የመንግሥትንም ሥራ የሚረከበው ይኸው ልጅ ነው። በ20 ጠጠር ላይ ፍርድን የተለማመደ እጅ፤ በብዙ ሺህ ሰው ንብረት ላይ ሲሾም እንግዳ አይሆንበትም።